ጣት ሲንቋቋ የሚጮኸው አጥንት አይደለም

ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ የምመላለስበት አንድ ፀጉር ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ መቀስ ሲይዙም እጃቸው አይታማም። እዚያ ስትሄዱ የሚጠብቃችሁ ፀጉር መቆረጥ ብቻ አይደለም። ፂም ከተላጨ በኋላ ትኩስ ፎጣ አለ፣ ከፎጣው በኋላ የትከሻ ማሳጅ አለ፣ ከዚያ ልጁ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ እየሳበ ያንቋቋቸዋል። መጨረሻ ላይ አገጫችሁን በአንድ እጁ፣ ማጅራታችሁን በሌላው ይይዝና ሳትዘጋጁ ወደ ግራ! ወደ ቀኝ! ቋ! ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ይስቃል።

ባለፈው ክረምት ይሄን «ቦነስ» ተቀብዬ ስወጣ ቀኝ ክንዴ ሲነዝረኝ ሁለት ቀን ሰነበተ። ከዚያ ለቀቀኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ግን ሁለቱን ቀን በፍርሃት ስላሳለፍኳቸው ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ደግሞ ከጠበቅኩት የተገላበጠ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የተቆጡኝ በጣቴ ነው፤ ጣቴ ግን ጥፋት የለበትም። ማንም ተቆጥቶኝ የማያውቀው በአንገቴ ነው፣ ጉዱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ከጣቱ እንጀምር።

ጣቱን አንቋቅቶ ያልተቆጡት ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት «ተው! ቁርጥማት ይይዝሃል» ይባል ነበር። ጎረቤት ደግሞ «ስታረጅ እስክሪብቶ መያዝ ያቅትሃል» ይላሉ። መስጊድ የሚሄዱት ጓደኞቼ ሌላም ቁጣ ነበረባቸው፤ ሶላት ላይ ጣት ማንቋቋት የተጠላ ነገር ነው፣ መክሩህ ይባላል። ይሄኛው እንኳ ከጤና ጋር አይገናኝም፣ ጉዳዩ የሶላት አደብና ልብን መሰብሰብ ነው። ግን ልጅ ስትሆኑ ሁሉም ቁጣ ተደባልቆ ነው ጆሯችሁ የሚገባው፤ ካደጋችሁ በኋላ የቱ የሃይማኖት፣ የቱ የሕክምና፣ የቱ ደግሞ የእናት መሰላቸት እንደነበር መለየት ያስቸግራል።

ትልልቆቹ የራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። ጉልበት ሲንቋቋ «ንፋስ ገብቶበት ነው»፣ ወገብ ሲጮህ «ብርድ መትቶህ ነው»። ጅማ ላይ ዝናብ ስለማይጠፋ ብርድ ሁሌም የመጀመሪያው ተከሳሽ ነው። የሚገርመው ግን «ንፋስ ነው» የሚሉት ሰዎች ሳያውቁት ወደ እውነቱ ጠጋ ማለታቸው ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ በእርግጥም ንፋስ የሚመስል ነገር አለ። ከውጭ የገባ ግን አይደለም።

ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ደረቅ ለደረቅ የሚፋተግ አይደለም። የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳና አንሸራታች ነገር ተሸፍኗል፤ ለምለም አጥንት ወይም ካርቲሌጅ የሚባለው ነው። ዙሪያውን እንደ ከረጢት የያዘው ሽፋን አለ። ከረጢቱን ደግሞ ጅማቶች ደግፈው ይይዙታል። (ጅማ ቁጭ ብሎ ስለ ጅማት መጻፍ ራሱ ደስ ይላል።) ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ የእንቁላል ነጩን ክፍል የሚመስል፣ ዝልግልግ ያለ። ማሽን ግራሶ እንደሚፈልገው መገጣጠሚያም ይሄን ፈሳሽ ይፈልጋል።

ፈሳሹ ውስጥ ጋዝ ሟሙቶ ይገኛል፣ በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አምቦ ውሃ አስቡ። ክዳኑ ሳይከፈት ጠርሙሱን ብታዩት ፀጥ ያለ ውሃ ነው። ስትከፍቱት ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ ከውሃው እየወጣ አረፋ ይሆናል። ጣታችሁን ስትስቡ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አጥንቶቹ ሲራራቁ በመሃላቸው ያለው ቦታ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙ ይወጣል።

ግን ዝም ብለው አይራራቁም። እርጥብ ትሪ ላይ የተደፋ ብርጭቆ ለማንሳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ይላል፣ ተጣብቋል። ትንሽ ጠንከር ስታደርጉ እንደገና እምቢ ይላል። ከዚያ ድንገት «ጧ» ብሎ ይለቃችኋል፣ አንዳንዴም ከነብርጭቆው ወደ ኋላ ትንገዳገዳላችሁ። በሁለት እርጥብ ነገሮች መሃል ያለ ቀጭን ፈሳሽ እንዲህ ነው የሚይዘው፤ ኃይሉ እየተጠራቀመ ይቆይና በአንዴ ይለቃል። ጣታችሁን ስትስቡ መጀመሪያ የምትሰሟት ያቺ መወጠር፣ «ልትጮህ ነው» የምትሏት፣ እሷ ናት። ሲለቅ በመሃል ባዶ ቦታ ይከፈታል፣ ጋዙም እዚያ ይሰበሰባል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ ያለው ድምፁ በትክክል የቱ ጋ ነው የሚወጣው በሚለው ላይ ነው። አረፋው ሲፈጠር ነው? ወይስ ሲፈነዳ?

ተራ ጥያቄ ይመስላል። ሳይንቲስቶቹን ግን ከሰባ ዓመት በላይ አጨቃጭቋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች የሰው ጣት እየሳቡ በራጅ ተመለከቱ። ሲጮህ አጥንቶቹ በድንገት ሲራራቁና በመሃላቸው ክፍተት ሲታይ አዩ፤ ድምፁ የመጣው ክፍተቱ ሲፈጠር ነው አሉ። በ1971 ደግሞ የእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ተመራማሪዎች «የለም፣ የሚጮኸው አረፋው ሲፈነዳ ነው» ብለው መጡ። ልብ በሉ፣ ሰው ጨረቃን ከረገጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ይሄ። ጨረቃ ላይ ተወጥቶ ተመልሶ የጣታችን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ገና እርግጡ አልታወቀም ነበር።

የሊድሶቹ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ቃል ተደርጎ ተወሰደ። በ2015 ግን ካናዳ፣ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በግሬግ ካውቹክ የሚመራ ቡድን የአንድ ሰውን አሥር ጣቶች ኤምአርአይ ውስጥ አስገብቶ እየሳበ ቪዲዮ ቀረጸ። በቪዲዮው ጣቱ ሲጮህ ክፍተቱ ብልጭ ብሎ ይታያል፣ ከጮኸ በኋላም አይጠፋም፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። የሚፈነዳ ነገር አልታየም። ስለዚህ ወደ 1947ቱ ተመለሱ። አላለቀም። በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በሒሳብ ቀመር ነገሩን አስልተው «አረፋው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም በከፊል ሲኮማተር ነው የሚጮኸው» አሉ፤ ኤምአርአዩ ያንን ቅጽበት ለመያዝ ፍጥነት አይበቃውም የሚል ነው መከራከሪያቸው። እኔ በግሌ የትኛውም ቢያሸንፍ ግድ የለኝም። ለእኛ የሚጠቅመው ሁሉም የተስማሙበት ነው፤ ድምፁ የፈሳሽና የጋዝ ጨዋታ ነው። አጥንት ከአጥንት አልተጋጨም፣ የተሰበረም የተሰነጠቀም ነገር የለም።

ይሄን ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። አሁን አንድ ጣታችሁን አንቋቁ። ወዲያው ድገሙት። እምቢ አለ አይደል? ጋዙ ተመልሶ ፈሳሹ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። አጥንት ከአጥንት የሚጋጭ ቢሆን ኖሮ በፈለጋችሁ ሰዓት ይጋጭ ነበር፣ ማን ይከለክለዋል?

ወደ ቁርጥማቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ከሁሉም የምወደው ታሪክ የዶናልድ አንገር ነው። ካሊፎርኒያ የኖረ የአሜሪካ ሐኪም ነው። ልጅ ሳለ እናቱ፣ አክስቶቹ፣ በኋላም አማቱ ሳይቀሩ «ጣትህን አታንቋቋ፣ አርትራይተስ ይይዝሃል» ይሉት ነበር። እንደ እኛው ቤት ማለት ነው፤ አርትራይተስ እኛ ቁርጥማት የምንለው የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ሰውየው አልተከራከረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ እያንቋቋ፣ የቀኙን ዝም ብሎ ተወው። በራሱ ስሌት የግራው ቢያንስ 36,500 ጊዜ ጮኋል። ከዚያ ሁለቱን እጆች አስተያየ፤ በአንዱም አርትራይተስ የለም፣ ልዩነትም የለም። በ1998 ውጤቱን ለአንድ የሕክምና መጽሔት ጻፈ፣ በ2009 ደግሞ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሃምሳ ዓመት! እናቱን ለመርታት! እንዲህ ያለ እልኸኛ ሰው እኛ ሠፈር ቢኖር ዘፈን ይወጣለት ነበር።

አንድ ሰው ግን አንድ ሰው ነው። ሰፋ ያለውን ስናይ በ2011 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የ215 ሰዎችን የእጅ ራጅ ተመልክቷል። ከሚያንቋቁት 18.1 በመቶው፣ ከማያንቋቁት ደግሞ 21.5 በመቶው የእጅ አርትራይተስ ነበረባቸው። ማለትም ያንቋቁት አልባሰባቸውም። «እንግዲያው ማንቋቋት ይጠቅማል» እንዳትሉ ደግሞ፣ ልዩነቱ ለዚያ የሚበቃ አይደለም።

ቁጣውን የሚደግፍ አንድም ጥናት የለም ብል ግን መዋሸት ነው። በ1990 የወጣ፣ 300 ሰዎችን ያየ ጥናት አለ። እሱም አርትራይተስ አላገኘም፤ ግን የሚያንቋቁት ሰዎች እጃቸው የማበጥና የመጨበጥ ኃይላቸው የመቀነስ ነገር ታይቶባቸዋል ብሏል። ለብዙ ዓመት ሐኪሞች ሲጠቅሱት የነበረው ይሄ ነው። በኋላ የመጡት ግን አልደገፉትም። በ2017 ቱርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት የመጨበጥ ኃይል ለካ፣ ልዩነት አላገኘም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ አርባ ሰዎችን በአልትራሳውንድ እያዩ ጣታቸውን አስንቋቋቸው፤ እብጠት የለም፣ የእጅ ድክመት የለም፣ እንዲያውም ከጮኸ በኋላ ጣቱ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ይንቀሳቀስ ነበር። ያቺ «እፎይ» የምታሰኘን ስሜት ከዚህ ጋር የምትያያዝ ይመስለኛል። ጣት የሚያንቋቃ ሰው ዝም ብሎ አይደለም የሚያደርገው፣ ደስ ስለሚለው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስ ላይብረሪ ገብታችሁ ቁጭ በሉና ስሙት፣ ከአንዱ ጥግ ቋቋቋ፣ ከሌላው ጥግ ቋቋቋ።

ጉዳት በፍጹም የለም ለማለት አይደለም። ጣት በኃይል ተጠምዝዞ ጅማት የተጎዳባቸው ሁለት ሰዎች በ1999 በአንድ የሕክምና መጽሔት ተጽፈዋል። ነገር ግን እዚያ ጉዳት ያመጣው ጉልበቱ እንጂ ድምፁ አይደለም። ጣቱ እምቢ ካለ ተዉት። እየታገላችሁ አታጩሁት።

ስለ ጉልበት ካነሳን፣ አማርኛችን አንድ ተንኮል ሠርቶብናል። ጉልበት ማለት የእግር መታጠፊያውም ነው፣ ኃይልም ነው። ስለዚህ ጉልበቱ የጮኸበት ሰው «ጉልበቴ አለቀ» ብሎ ሲል ሁለቱም በአንዴ ያለቁ ይመስለዋል።

ሠፈራችን ውስጥ ቡና የምንጠጣባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የጅማ በርጩማ ታውቃላችሁ፣ ያቺ ባለ ሦስት እግሯ፣ ከአንድ ግንድ የምትጠረበዋ፣ ዝቅ ያለችው። እማማ እሷ ላይ ቁጭ ብለው ሦስቱን ስኒ ያወርዳሉ። በረካ ካለቀ በኋላ አንድ እጃቸውን መሬት፣ አንዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ቀጨጭ ይላል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚረግጥ ሰው። ባለፈው ሳምንት፣

«እማማ፣ ያምምዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ አያመኝም ልጄ፤ ድምፁ ነው እንጂ። ድምፁን ስሰማ ግን አለቅሁ እላለሁ። ገበያም መሄድ ትቻለሁ፣ ይሰበርብኛል ብዬ።»

ከጽሑፉ ሁሉ ልጽፈው የፈለግኩት ይሄን ነው። እማማን ቤት ያዋላቸው ሕመም አይደለም፣ ድምፅ ነው።

የጉልበት ድምፅ ከጣቱ ይለያል። አንዳንዴ ያው የጋዙ ቋታ ነው፤ ስትቆሙ አንዴ ይጮኽና ይተዋል። ብዙ ጊዜ ግን የጉልበት ሎሚ የምንላት ክብ አጥንት በመንገዷ ላይ ስትንሸራተት የሚሰማ መንጨጫት ነው። ዝቅ ብላችሁ ስትቀመጡ ሎሚዋ ከሥሯ ካለው አጥንት ጋር ጠበቅ ብላ ትጫናለች፣ ስትነሱ ጫናው ይብሳል። የሚንቀሳቀሰው ቦታ ትንሽ ሸካራ ከሆነ ይንጨጫጫል። ዕድሜ ሲገፋ ሸካራነቱ ይጨምራል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌና ትከሻ ላይ ጅማት በአጥንት ጉብታ ላይ ዘሎ ሲያልፍ እንደ ክራር አውታር «ጠብ» ይላል። እሱ ሃያ ደቂቃ አይጠብቅም፣ በየእርምጃው ሊጮኽ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ምንም ሕመም የሌለበት ጉልበት መንጨጫቱ በጣም የተለመደ ነው። ወጣት ስፖርተኛም ይንጨጫጭበታል። እርግጥ ነው፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ጉልበታቸው ሁሌ የሚንጨጫጭ ሰዎች ውሎ አድሮ ሕመም ያለው የጉልበት አርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፤ በተለይ ራጃቸው ላይ ቀድሞ ለውጥ የታየባቸው። ስለዚህ ድምፁን ናቁት አልልም። ግን ድምፁ ምልክት ሊሆን ይችላል እንጂ አድራጊው እሱ አይደለም። መኪና ሲንጫጫ ሬዲዮ መክፈት መፍትሔ አይደለም፣ ግን መኪናዋን ጋራዥ ቆልፎ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም።

በ2017 እንግሊዝ ውስጥ የጉልበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ስለ ድምፁ ምን እንደሚያስቡ የጠየቀ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሰዎቹ ድምፁን ከማርጀት፣ ከመበስበስ ጋር ያያይዙታል፣ ይፈራሉ፣ ደረጃ መውጣትና ቁጢጥ ማለት ይተዋሉ። ልክ እንደ እማማ። ችግሩ ደግሞ ጉልበት ሲተውት የሚሻለው ነገር አለመሆኑ ነው። የጉልበቱን ጫና የሚሸከመው የታፋ ጡንቻ ነው። ቤት ስትቀመጡ ጡንቻው ይከሳል፣ ጡንቻው ሲከሳ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፣ ያኔ በእውነት ማመም ይጀምራል። ለጉልበት አርትራይተስ ራሱ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዙት እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ነው።

እማማን ያልኳቸው እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እጅዎን ሳይደገፉ ይነሱ፣ ይቀመጡ፣ አሥር ጊዜ። ሲበረታ አሥራ አምስት። ገበያውን ደግሞ በእግር ይሂዱ፣ ከከበደዎት ሲመለሱ ባጃጅ ይያዙ። በርጩማዋን ይጣሏት አላልኩም፣ ብልም አይሰሙኝም። በጣም ታጥፎ መቀመጥ የሚያማቸው ሰዎች ግን ከፍ ያለ መቀመጫ ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ስግደትም ቢሆን ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበትን የሚፈትነው መውጣቱ ብቻ አይመስላችሁ። ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሲወጡ ልብ ነው የሚደክመው፣ ጉልበት የሚያማርረው ሲወርዱ ነው።

ታዲያ መቼ ነው መስጋት ያለብን? ከድምፁ ጋር ሌላ ነገር ሲመጣ። መገጣጠሚያው ካመመ፣ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ ካለ፣ ስትረግጡ ከከዳችሁ። ጠዋት ስትነሱ የሁለት እጆቻችሁ ጣቶች ደርቀው ከግማሽ ሰዓት በላይ አልላቀቅ ካሉ ደግሞ እሱ የራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው፣ ቶሎ ሕክምና ከተጀመረለት የሚያዝ። ሌሊት የእግር አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ሪህም ከማንቋቋት ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ ደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ የጋለና ያበጠ መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ኢንፌክሽን ከሆነ መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል።

ከሁሉም የሚለየው ድምፅ ኳስ ሜዳ ላይ የሚሰማው ነው። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ከበላ ወዲህ እዚህ ከተማ ሜዳ ላይ የማይሮጥ ልጅ የለም። ልጁ ሲዞር ጉልበቱ ውስጥ «ጧ» ይላል፣ ይወድቃል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ እንደ ዳቦ ይነፋል። ይሄ ጋዝ አይደለም። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ጅማት ነው። በዚያ ሰዓት ጓደኞቹ የሚወስዱት ወጌሻ ጋ ነው።

ወጌሻን መሳደብ አልፈልግም። እጃቸው የረቀቀ አሉ፣ የወለቀ ትከሻ መልሰው ብዙ ሰው ያቃለሉ። ግን ወጌሻ ራጅ የለውም። የተሰበረውን እንደ ወለቀ ቆጥሮ ቢስበው፣ አዲስ የተጎዳ ጅማት ቢያሽ ያብስበታል። ከሁሉም የከፋው ማሰሪያው ነው፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም ከተከለከለ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ይጠቁራል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ታሪክ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ታስሮ የመጣ ልጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው እዚያው ይፈታ፣ ከዚያ ሆስፒታል።

አሁን ወደ አንገቴ ልመለስ።

ቲክቶክ ከከፈታችሁ አይታችኋቸዋል። ነጭ ገዋን የለበሰ ፈረንጅ ሰውየውን አስተኝቶ፣ ማይክ አንገቱ ሥር ለጥፎ፣ ፎጣ አገጩ ላይ ጠምጥሞ ይስባል፤ ድምፁ እንደ ርችት ይወጣል፣ ሰውየው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ «ዳንኩ» ይላል። ካይሮፕራክተር ይባላሉ፤ ሙያው እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ስለ ሙያው ብዙ ክርክር አለ፣ አሁን አልገባበትም። ሌላው ቢቀር ግን የሠለጠነው ሰው ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት በሽተኛውን ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ለማን እንደማይሠራ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ያ ክፍል ቪዲዮ ላይ አይታይም። የሚታየው ቋታው ብቻ ነው። ስለዚህ ያየው ሁሉ ይሞክራል፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው ላይ፣ ጂም ውስጥ ጓደኛ ጓደኛው ላይ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ወረፋ ሲጠብቅ አገጩን ይዞ ራሱ ላይ።

ችግሩ ድምፁ አይደለም፣ የአንገት መገጣጠሚያም ሲጮህ ያው ጋዝ ነው። ችግሩ አንገት ውስጥ የሚያልፈው ነገር ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ አራት ዋና ዋና የደም ቧንቧዎች በአንገት ያልፋሉ። ሁለቱ ከፊት ናቸው፣ ጣታችሁን ከጉሮሯችሁ ጎን ብታደርጉ ሲመቱ ይሰማችኋል። ሁለቱ ግን ከኋላ፣ በአንገት አጥንቶች ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደ ክር በዶቃ ተሰክተው ነው የሚወጡት፤ ራስ ቅል ሥር ሲደርሱ ደግሞ ይታጠፋሉ። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ የሚወጠሩት እዚያ ነው። የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ከተቀደደ ደም እዚያ ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ወጣትም ቢሆን።

አይደጋገምም። አንገታቸውን ካስጠመዘዙት መሃል አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም፣ እኔም አልሆንኩም፤ የኔ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል እንጂ ቧንቧ አልነበረም። አንዳንዱም አንገቱን የሚያስጠመዝዘው ቧንቧው ቀድሞ ተሰንጥቆ እያመመው ስለሆነ የቱ የቱን እንዳስከተለ ሐኪሞቹም ይከራከራሉ። ግን ሒሳቡን ሥሩት። በአንድ በኩል የአሥር ሰከንድ እፎይታ፣ በሌላ በኩል ጥቂትም ቢሆን ዕድሜ ልክ የሚያስተኛ ነገር። ያውም አንገታችሁን የያዘው እጅ የተማረው መቀስ ነው። ራሳችሁ አገጫችሁን ይዛችሁ ማዞርም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በጣም ጥቂት ቢሆኑም እንዲህ ሆነው የተጎዱ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተጽፈዋል። አንገታችሁ ከደረቀ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አዘንብሉት፣ ትከሻችሁን አሽከርክሩ፣ ትኩስ ፎጣ አድርጉበት። ራሱ ሲንቀሳቀስ ቢጮህ ይጩህ።

አንገት ከተጠመዘዘ በኋላ፣ በዚያው ቀንም ሆነ በቀጣዮቹ ቀናት፣ ከዚህ በፊት የማታውቁት ዓይነት ኃይለኛ የማጅራት ወይም የራስ ምታት ከመጣ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገዳችሁ፣ «ተኝቼ ልየው» አይባልም። ቀጥታ ሆስፒታል፣ አንገቴን አስጠምዝዤ ነበር ብሎ መናገርም አይረሳ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ። ሌላ ፀጉር ቤት መቀየር አልቻልኩም፣ አንዴ የለመዳችሁትን እጅ መተው ከባድ ነው። ወረፋ ነበረ፤ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እንደ ልማዴ የቀኝ አመልካች ጣቴን ቋ አደረግኳት። ተራዬ ደረሰ፣ ለነገሩ ትንሽ ፀጉር ስለሆነ ቶሎ አለቀ፣ ፎጣው መጣ፣ ማሳጁ መጣ። ልጁ እጁን ወደ አገጬ ሲልክ ያዝኩት።

«አንገቴን ተወው በናትህ።»

«ምነው ጋሼ፣ ፈሩ እንዴ?»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ። ጣቴን ከፈለግህ ያውልህ።»

ሳቀ። አሥሩንም ሊያንቋቃቸው ያዘ። የግራውን አምስት ጨረሰ፣ ከቀኙ አራቱን ጨረሰ። አመልካቿ ላይ ሲደርስ ሳባት፣ ዝም። ቀስ ብሎ ሳባት፣ ዝም። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ይቺ ምን ሆና ነው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፏል።

«ስምንት ደቂቃ ጠብቃት» አልኩት።